ለቀይ የተጻፈው አሥር

ሰኔ 12፣ ሰኞ

ጠዋት የወጣ፦ ባለ ሜትር ከሃያ ፍራሽ ሁለት፣ የልጅ ፍራሽ አንድ፣ ትራስ ስድስት፣ ለሶፋ ሠሪው የስፖንጅ ቁርጥ። የተመለሰ፦ አንድ ፍራሽ፣ «ይሸታል» ተብሎ። አይሸትም፤ እርጥበት ነው። የመጋዘኑ ጣሪያ በግራ በኩል ማፍሰስ ጀምሯል። ቆርቆሮ ሠሪው «ነገ» ካለኝ ሳምንት ሊሞላው ነው።

ሱቁ ዛሬ ገበያ ሳይሆን ሸንጎ ሆኖ ነው የዋለው። እሁድ ንጋት ላይ በቴሌቪዥን የታየው ግጥሚያ ነው ጣጣው። ጥቁሩ ቦክሰኛ አሥራ ሁለት ዙር ሙሉ ሲያባርረው የነበረውን ነጭ፣ ዳኞቹ አሸናፊ አሉት። ባለታክሲው ገና በሩ ላይ ሆኖ «ዘረፉት! በጠራራ ፀሐይ ዘረፉት!» እያለ ገባ።

ጎረቤቴ ፀጉር አስተካካዩ ደንበኛ ሲያጣ እኔ ጋ ነው የሚውለው። የተደራረቡት ፍራሾች ላይ እግሩን አንጠልጥሎ፣ «የምን ፀሐይ? ሳይነጋ ነው የዘረፉት» አለ።

«አንተ ቀልድ! ሦስት ዳኛ፣ ሦስቱም ነጭ። ጥቁር በዝረራ ካልሆነ በቀር በነጥብ አሸንፎ ያውቃል?»

እኔ የራሴን ነጥብ ይዤ ነበር፤ በሁለት ዙር ጥቁሩ ይበልጣል። የሱቁን ቴሌቪዥን ድምፅ ሁልጊዜ እዘጋዋለሁ። ድምፅ ካለው ሰው ይሰበሰባል እንጂ አይገዛም፤ ሲጠፋ ዓይኑ ወደ ዕቃው ይዞራል። ስለዚህ ቦክስንም ያለ ድምፅ ማየት ለምደናል። ተንታኙ ማንን እንዳሞገሰ አንሰማም፤ ያረፈውን ቡጢ ብቻ ነው የምንቆጥረው። በቦክስ ቀለም የሚባል ነገር መግባት የለበትም አልኳቸው። ሁለቱም ተስማሙ።

ይህን የምለው እንደ ተመልካች ብቻ አይደለም። የቦክስ ማኅበሩ የዳኝነት ኮርስ ሲሰጥ ወስጃለሁ፤ ዳኛ ሲያጥራቸው ይጠሩኛል። ለክለቦቹ የልምምድ ስፖንጅ የማቀርበውም እኔ ስለሆንኩ ትውውቁ ለገበያም አይከፋም።

ሰኔ 15፣ ሐሙስ

የማኅበሩ ጸሐፊ መጣ። ሐምሌ 8 የማጣሪያ ግጥሚያ አለ፤ ያሸነፈ ወደ ብሔራዊ ቡድኑ ካምፕ ይገባል፣ ደመወዝ ይቆረጥለታል። ሦስተኛ ዳኛ ጠፍቷል። እሺ አልኩ።

የሚገጥሙት የእኛ ሰፈር ክለብ ከሰልና የላይኛው ክለብ ቀዩ ናቸው። ከሰል ያሉት መልኩን አይተው ነው፤ ከልጅነቱ ጀምሮ በዚሁ ነው የሚጠራ። ቀዩም እንዲሁ በመልኩ ነው፤ ረጅም፣ መልከ መልካም፣ እግሩ የሚጨፍር የሚመስል ልጅ።

ጸሐፊው ከመውጣቱ ክርክሩ ተጀመረ። ፀጉር አስተካካዩ፣ «ከሰል ምን አለው? ጉልበት ነው ያለው። ቀዩ ግን ያስባል። ጭንቅላት አለው» አለ።

እሁድ ለጥቁሩ ሲንገበገብ የነበረው ባለታክሲ፣ «ከሰል ማሰብ ምን ያደርግለታል? መንደድ ነው ሥራው!» አለ። ሳቅን።

ነገሩ ስህተት አይደለም። ከሰል ጉልበታም ነው። ቀዩ ብልህ ነው። ሁለቱንም ብዙ ጊዜ አይቻቸዋለሁ።

ሰኔ 19፣ ሰኞ

ቸኩያለሁ። የሆቴሉ ትእዛዝ ሊጫን ነው።

ልጄ ከምትሠራበት መድኃኒት ቤት፣ በምሳ ሰዓቷ መጣች። ከሰል ሊያናግርህ ይፈልጋል አለችኝ። ስለ ምን? አልኳት። «አባዬ፣ ስለ ምን ይመስልሃል?» አለችኝ። ሁለት ዓመት ሆኗቸዋል አሉ። ሁለት ዓመት! በየማታው ሥራ ስትወጣ የሚሸኛት እሱ ኖሯል።

ሆቴሉ ትራሶቹን አሳንሶ ነበር ያዘዘው። ተሳስቼ ትልልቁን ጭኜ ላክሁ።

ሰኔ 20፣ ማክሰኞ

ባለቤቴ ቀድማ ታውቃለች። ሁሉም ያውቃል፤ እኔ ብቻ ነኝ ፍራሽ ስደራርብ የከረምኩት።

«ምኑ ነው ያልተስማማህ?» አለችኝ።

«ስፖርቱ ነዋ! ጭንቅላቱን ሲደበደብ የሚውል ሰው አርባ ዓመት ሲሞላው ምን ይሆናል? አሥር ጊዜ አንድ ነገር የሚጠይቅ ባል ልትይዝ ነው?»

«አንተም አሥር ጊዜ ነው የምትጠይቀኝ። ማንም ሳይመታህ።»

«ቀልዱን ተይው።»

«እሺ ትቻለሁ። ያ ቀዩ ልጅ ቢሆን ኖሮስ ጠያቂው? እሱም እኮ ቦክሰኛ ነው።»

ይህ ምን አመጣው አልኳት። የታጠበውን ልብስ ማጣጠፍ ቀጠለች። ያን ቀዩን ልጅ ቤታችን ማን አነሳው? እኔ ስለ ጭንቅላት ጉዳት ነው የማወራው። ሐኪሞችም የሚሉት ይህንኑ ነው።

ሰኔ 24፣ ቅዳሜ

ልጄ ዳኝነቱን ተወው አለችኝ። «እሱም ደስ አላለውም። ቢያሸንፍ በአማቹ ነው ይሉታል። ቢሸነፍ ደግሞ አንተን እንዴት ቀና ብሎ ያይሃል?»

አስቤበታለሁ። መተው ቀላል አይደለም። ለምን ተውክ ሲሉኝ ምን እላለሁ? ምክንያቱን ከተናገርኩ ነገሩ ነገውኑ ፀጉር ቤት ይደርሳል፤ ያልተወሰነውን ነገር የተወሰነ ያደርጉታል። ጸሐፊውም ሌላ ሰው የለኝም ብሏል። ደግሞ እኔ ራሴን አውቃለሁ። ከሃያ ዓመት በላይ ስነግድ ለዘመድ ሚዛን አላዘነበልኩም። እንዲያውም ለእሱ ጠበቅ ማለት ነው ያለብኝ።

ጣሪያው ያው ነው። ሁለት ፍራሽ ጠርዛቸው ረጥቧል። ወደ ቀኝ አሻገርኳቸው።

ሐምሌ 4፣ ማክሰኞ

ከሰል ሱቅ መጣ። ስለ ልጄ ሊያነሳ ነው ብዬ ጠበቅሁ፤ አላነሳም። ለክለቡ የቡጢ መለማመጃ ከረጢት መሙያ የሚሆን የስፖንጅ ቁርጥራጭ ነው የፈለገው። ከኋላ የተጠራቀመ ነበረኝ፤ የሚጣል ነው። ውሰደው፣ አታስብ አልኩት።

«አይሆንም ጋሼ። እስከ ቅዳሜ ከእርስዎ እጅ ምንም አልወስድም። ከዚያ በኋላ እመጣለሁ።»

እጅ ነስቶ ባዶ እጁን ወጣ። ዝናቡ ላይ ሲራመድ እንኳ አልተቻኮለም።

ፀጉር አስተካካዩ በመስኮቱ እያየው፣ «ኩራቱን አያችሁ? ምን ያኮራዋል ይሄ ከሰል?» አለ። ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። ከዚያ አንድ ደንበኛ ዋጋ ጠየቀኝና የሌላ ዕቃ ዋጋ ነገርኩት።

ሐምሌ 8፣ ቅዳሜ

ጠዋት። ሱቁን ባለቤቴ ይዛለች። ነጭ ሸሚዝ፣ ጥቁር ሱሪ። ሥራ ነው፤ እንደማንኛውም ሥራ።

ማታ።

የሆነውን በቅደም ተከተል ልጻፈው።

ዕጣ ወጣ። ከሰል ቀይ ማዕዘን ደረሰው፤ ቀይ ጓንት፣ ቀይ ማሊያ። ቀዩ ልጅ ሰማያዊ። ባለታክሲው ከሕዝቡ መሀል ተነሥቶ፣ «ከሰሉ ተያያዘ!» ሲል አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። የመሐል ዳኛው ሳይቀር ሳቀ።

ዳኛ ከየዙሩ በኋላ ለበለጠው አሥር፣ ለሌላው ዘጠኝ ጽፎ ካርዱን ይሰጣል። ካርዱ ላይ ሁለት ዓምድ አለ፤ ቀይ እና ሰማያዊ። ስም የለውም። እኔም ገና ሳይጀመር ለራሴ «ጓንቱን፣ ጓንቱን እይ» ብዬ ነበር።

አንደኛው ዙር የከሰል ነው፤ ጥያቄ የለውም። ለቀይ አሥር። ሁለተኛው ቀረብ ያለ ነበር፤ ለሰማያዊ ሰጠሁ። ሦስተኛው ላይ አዳራሹ ተነሣ። የላይኛው ክለብ ደጋፊ ከእኔ ኋላ ነበር የተቀመጠው። «ቀዩ! ቀዩ! ቀዩ!» ይላል፣ እግሩን ወለሉ ላይ እየደበደበ። ቀዩ ልጅ በእግሩ እየዞረ ረጃጅም ቡጢ ይልካል፤ ያምራል። ከሰል አንገቱን ደፍቶ ይገፋል። ደወሉ ተደወለ። ቀዩ ወስዶታል አልኩ በልቤ። ጸሐፊው ካርዱን ሊቀበል እጁን ዘርግቶ ቆሟል። ጻፍኩ፣ ሰጠሁ።

ውጤቱ ሲነበብ የመጀመሪያው ዳኛ ለሰማያዊ፣ ሁለተኛው ለቀይ። «ሦስተኛ ዳኛ፦ ሃያ ዘጠኝ ለሃያ ስምንት፣ ቀይ!» አለ አንባቢው። ልክ ነው አልኩ። እውነቴን ነው፣ ልክ ነው አልኩ። ከዚያ የመሐል ዳኛው የከሰልን እጅ ወደ ላይ አነሣው።

ቀዩን ልጅ ቀይ ዓምድ ላይ ነው የጻፍኩት።

መነሣት ነበረብኝ። ካርዱ ተሳስቷል ማለት ነበረብኝ። እስክነሣ ልጄ አጥሩን አልፋ፣ ሕዝብ እያያት፣ ከሰል አንገት ላይ ተጠምጥማለች። ቀጥሎ ወደ እኔ ሮጠች። «አባዬ፣ ይቅር በለኝ። ተጠራጥሬህ ነበር» አለችኝ፣ ጆሮዬ ሥር። ታለቅስ ነበር።

ምን ልበላት?

ሐምሌ 10፣ ሰኞ

ገበያ የለም። ወሬ ግን ሞልቷል።

ባለታክሲው ግንባሬን ሳመኝ። «እንዳንተ ያለ ዳኛ አንድ ቢኖራቸው ያ ጥቁር ቦክሰኛ አይዘረፍም ነበር!»

ፀጉር አስተካካዩ ፍራሹ ላይ አልወጣም። በሩ ላይ ቆሞ፣ «አማችህን አሳልፈህ እንዴት ነው ታዲያ?» አለኝ።

«አማቼ አይደለም።»

«ልጅህ አንገቱ ላይ ተንጠልጥላ ዓይኔን ላልመን? ያ ቀዩ ልጅ በጭንቅላቱ አሸንፎ ሳለ…»

«ያየሁትን ጻፍኩ» አልኩት።

አፌ እንዴት እንዳወጣው አላውቅም። ያየሁትን አልጻፍኩም። ዞሮ ሄደ፤ ወንበሩ ላይ ሳሙና የተቀባ ሰው ትቶ ነበር የመጣው።

ከሰዓት በኋላ ጸሐፊው ደወለ። የላይኛው ክለብ ይግባኝ ብሏል፤ ሦስተኛው ዳኛ የአሸናፊው ዘመድ ነው ብለው።

ሐምሌ 12፣ ረቡዕ

ዝናብ። ቆርቆሮ ሠሪው አልመጣም። ስልክ አያነሳም።

ብናገር ከሰል ቦታውን ያጣል። ልጄም ለማን ልጽፍ እንደነበር ታውቃለች። ዝም ብል ቀዩ ልጅ ያላግባብ ይቀራል። በሌላ በኩል… እዚህ ላይ ሐሳቤ ይቆማል። በሌላ በኩል ምን? በሌላ በኩል ምንም። ዙሩ የቀዩ ነበር።

ሐምሌ 14፣ ዓርብ

ቀዩ ልጅ ሱቄ መጣ። ብቻውን። ሊጣላኝ ነው ብዬ ከባንኮኒው ኋላ ቆምኩ። ቅንድቡ ላይ ያበጠው አልሟሸሸም።

«ጋሼ፣ ይግባኙን ያስገባው ክለቡ ነው፤ እኔ አይደለሁም። አንድ ነገር ልጠይቅዎት ነው የመጣሁት። ሦስተኛው ዙር ላይ ምን አጎደልኩ? እንዳርመው።»

እንዲህ ያለ ጥያቄ ከየት ያመጣል? ትንሽ አሰብኩና፣ «ግራ እጅህን ታወርደዋለህ» አልኩት።

«ግራ እጄን።» እዚያው፣ ትራሶቹ መሀል፣ ግራ እጁን አነሣ፣ አወረደ፣ እንደገና አነሣ። «እውነትዎን ነው። አሠልጣኜም ብሎኝ ያውቃል። እግዜር ይስጥልኝ።»

አመስግኖኝ ሄደ። ምሳዬን አልበላሁም።

ሐምሌ 17፣ ሰኞ

ወጣ፦ ትራስ ሁለት። በቃ።

ፀጉር አስተካካዩ ሊያዋርደኝ መጣ። አንዱ ግጥሚያውን በስልኩ ቀርጾት ኖሯል፤ ከሱቁ ቴሌቪዥን ጋር አገናኘው። ባለታክሲውም ነበር። «ና እስኪ፣ ሦስተኛውን ዙር አሳየን ጌታው» አለኝ ፀጉር አስተካካዩ።

መጀመሪያ በድምፁ አየነው። «ቀዩ! ቀዩ!» ሱቁን ሞላው። ልክ እንዳየሁት ነው፦ ረጃጅም ቡጢ፣ ያማረ እግር። ፀጉር አስተካካዩ በየቡጢው «ይኸው! ይኸው!» ይላል። እኔም ልቤ ቀለል አለኝ። ካርዱ ስህተት ነው፣ ዓይኔ ግን ልክ ነበር።

አንዲት ሴት የሕፃን ፍራሽ ልትጠይቅ ገባች፤ በጩኸቱ አልተሰማማንም፤ እንደ ልማዴ ድምፁን ዘጋሁት። ሸኝቻት ስመለስ ሁለቱም ዓይናቸውን ከቴሌቪዥኑ አልነቀሉም። ከመጀመሪያው አስጀመርነው፣ ያለ ድምፅ።

የቀዩ ቡጢዎች ክንድ ላይ ነው የሚያርፉት። ጓንት ላይ። አየር ላይ። ከሰል አንገቱን የደፋው ሲገፋ አይደለም፤ ከቡጢው ሥር እያለፈ ነው። ያልፍና አጭር ሁለት፣ ጎን ላይ። ደግሞ ያልፋል፣ ደግሞ ሁለት። ቀዩ ልጅ ወደ መጨረሻው የሚዞረው ለጌጥ አልነበረም፤ እየሸሸ ነው።

ባለታክሲው በጣቱ ይቆጥር ነበር፤ መቁጠሩን ተወው። ፀጉር አስተካካዩ ገመዱን ነቀለና፣ «ይሄ ስልክ ደግሞ ጥራት የለውም» ብሎ ወጣ።

ዙሩ የከሰል ነው። ስህተቴ ልክ ሆነ ማለት ነው። እጄ የጻፈው ትክክል፣ ዓይኔ ያየው ስህተት።

የተቀመጥኩበት ቦታ አመቺ አልነበረም። የመሐል ዳኛው ጀርባም ይጋርደኝ ነበር። ደግሞ ያ ጩኸት።

ሐምሌ 18፣ ማክሰኞ

ለባለቤቴ ሁሉንም ነገርኳት። እስከ መጨረሻው ሰማችኝ።

«ጩኸቱ ነው እንግዲህ» አለች።

«ጩኸቱ ነው።»

«ሁለተኛው ዙር ላይስ? ያኔም ይጮሁ ነበር?»

ሁለተኛውን ዙር አላየሁትም። ይግባኙ ስለ ሦስተኛው ነው፤ ማየት አያስፈልግም።

ሐምሌ 20፣ ሐሙስ

ማኅበሩ ሰኞ ቅረብ ብሎኛል። ጸሐፊው ሹክ አለኝ፦ ቪዲዮው እጃቸው ገብቷል፤ ሦስተኛው ዙር ለቀይ መሆኑ ግልጽ ነው። «ያየሁትን ጻፍኩ ካልክ በቃ፣ አለቀ። ይግባኙ ይወድቃል» አለኝ። አንዲት ዓረፍተ ነገር። አንድ ጊዜ ለፀጉር አስተካካዩ ብያታለሁ፤ ከአፍ ለመውጣት አትከብድም።

ልጄ ከሥራ ስትወጣ ጠበቅኋት። መኪና ውስጥ ነገርኳት። መስታወቱ በትንፋሻችን ጭጋግ ለበሰ።

«ቀዩ አሸነፈ ብለህ ነበር?»

«እንዲያ መስሎኝ ነበር።»

«ለምን?»

«አስቦ የሚጫወት መሰለኝ።»

«እሱስ?»

«እሱ… ጉልበት።»

እጇ ላይ ያለውን የመድኃኒት ቤት ጋውን አጣጠፈች፤ ፈታች፤ አጣጠፈች። «አባዬ፣ እሱ ለአንድ ግጥሚያ የተቃራኒውን እግር ወር ሙሉ ሲያጠና ነው የሚከርመው። አንተ ስለ እሱ ከዚያች ቃል ሌላ ወጥቶህ አያውቅም።»

«እኔ እኮ ስፖርቱን ነው…»

«ተወው።» በሩን ከፈተች። «ዋሽልኝ አልልህም። ግን ከዛሬ ጀምሮ በእኔ ፊት ከሰል እንዳትለው። ስም አለው።»

ዝናቡ ውስጥ ወረደች። ጃንጥላዋ ኋላ ወንበር ላይ ቀርቷል።

ሐምሌ 22፣ ቅዳሜ

መጣ። ልጄ ነግራዋለች። ተቀመጥ አልኩት፤ አልተቀመጠም።

«ጋሼ፣ አሸንፌያለሁ ወይስ አላሸነፍኩም?»

«አሸንፈሃል።»

«ይህን ያወቁት መቼ ነው?»

«ሰኞ። ቪዲዮውን ሳይ።»

«እኔ ደወሉ ሲደወል ነው ያወቅሁት። አሁን እርስዎ እውነቱን ሊናገሩ ነው። ሂሳቡ የሚመጣው ግን እኔ ላይ ነው። ያሸነፍኩትን ሊነጥቁኝ ነው።»

«ዝም ልበል?»

«ዝም ቢሉ ደግሞ ካምፑ ውስጥ አማቹ ያሳለፈው እየተባልኩ ልኖር ነው። በዚህም ቢሉ በዚያ፣ እርስዎ ነዎት።»

ድምፁን ከፍ አላደረገም። እያንዳንዱን ነገር ሳይመጣ በፊት ፈትሾታል። እንዲህ ይላል ብዬ አልጠበቅሁም።

«ምን ላድርግ ታዲያ?» አልኩት።

«እሱን እኔን አይጠይቁኝ» ብሎ ወጣ።

ነጋዴ ነኝ። ሁለት መጥፎ ዋጋ ሲቀርብልኝ አነስተኛውን ኪሳራ መርጬ አውቃለሁ። ዛሬ ግን ኪሳራው የእኔ ስላልሆነ ሂሳቡ አልወጣ አለኝ።

ሐምሌ 24፣ ሰኞ

ተናገርኩ።

የማኅበሩ ሰዎች አምስት ሆነው ነው የተቀመጡት። «ካርዱ ላይ የጻፍኩት ያየሁትን አይደለም» ስል ሊቀ መንበሩ መነጽሩን አወለቀ። አስረዳሁ፦ እኛ ሰፈር ያን ልጅ ቀዩ ነው የምንለው፤ ቀዩ ወሰደ አልኩና ቀይ ላይ አሥር ጻፍኩ። አንዷ አባል ሳቋን መያዝ አቃታት። ሌሎቹም ሳቁ። የላይኛው ክለብ ተወካይ ግን አልሳቀም። «ስለዚህ ለእኛ ልጅ ነበር የሰጠኸው» አለኝ።

«አዎ። ግን ያየሁትም የሆነውን አልነበረም። ሦስተኛው ዙር የእሱ ነው። የዚያኛው፣ የሰፈራችን ልጅ።»

ሊቀ መንበሩ ሁለተኛውንም እንየው አለ። ድምፁን ዝጉልኝ አልኩ። ዘጉልኝ። ሦስት ደቂቃ እንዲህ ይረዝማል? ከአጫጭሮቹ ቡጢዎች አንዷ በቀዩ ልጅ ጎን ስታርፍ አፉ ሲከፈት ይታያል። ያን ቀን ከሁለት ሜትር ርቀት ላይ ነበርኩ። አላየሁትም።

«ይህንን ለማን ሰጥተህ ነበር?»

«ለሰማያዊ።»

«አሁንስ?»

«ለቀይ።»

«የትኛው ቀይ?» አለ ሊቀ መንበሩ።

በዚህ ጊዜ ማንም አልሳቀም።

ውሳኔው፦ ዳኛ የራሱን ካርድ ካፈረሰ ውጤቱ ይሰረዛል፤ ቪዲዮ ነጥብ አይሰጥም። ግጥሚያው ነሐሴ 6 ይደገማል፣ በሌላ ከተማ፣ በሌሎች ዳኞች። የዳኝነት መታወቂያዬን ጠረጴዛው ላይ ትቼ ወጣሁ። ማንም አምጣ አላለኝም ነበር።

ሐምሌ 27፣ ሐሙስ

ልጄ አትደውልም። ባለቤቴ «ጊዜ ስጣት» ትላለች።

ፀጉር አስተካካዩ ወደ ፍራሹ ተመልሷል። «ቀይና ቀዩን ያልለየ ዳኛ!» እያለ ለመጣው ደንበኛ ሁሉ ይተርክልኛል። ሰዉ ይስቃል፤ ቀልዱ ጥሩ ነው። ባለታክሲው ግን እየሳቀ አይደለም። «ያ የነጮቹ ዳኛ ግን፣» አለ ድንገት፣ «እሱም ያየ መስሎት ይሆን እንዴ?»

«ምን ለማለት ነው?» አለው ፀጉር አስተካካዩ።

«እንጃ። እኔ እስከ ዛሬ እያወቀ የዘረፈ ነበር የሚመስለኝ።»

ቴሌቪዥኑ ላይ የሆነ ማስታወቂያ ነበር፤ እሱን አየን።

ነሐሴ 2፣ ማክሰኞ

ቆርቆሮ ሠሪው መጣ! ሦስት ቆርቆሮ ቀየረ። ረጥበው የነበሩት ፍራሾች ግን ተበላሽተዋል፤ ለሶፋ ሠሪው በቁርጥ ዋጋ ሰጠኋቸው።

ሌሊት እነቃለሁ። ቅዳሜ ቢሸነፍስ? ድካም አለ፣ መንገድ አለ፣ የማያውቋቸው ዳኞች አሉ። እነሱስ በየት በኩል ያዩታል? ቢሸነፍ ሽንፈቱ የእሱ አይሆንም። የእኔ ነው፤ ግን በእሱ ላይ ይጻፋል።

ነሐሴ 5፣ ዓርብ

ወጣ፦ ባለ ሜትር ከሃምሳ አንድ፣ የልጅ ፍራሽ ሁለት፣ ትራስ አምስት። መጋዘኑ ደረቅ ነው።

ጠዋት ባለቤቴ ነገረችኝ፤ የመጀመሪያው አውቶቡስ እዚያ የሚደርሰው የቦክሰኞቹ የክብደት ሚዛን ከተዘጋ በኋላ ነው። ክለቡ መኪና የለውም። በሰዓቱ ያልተመዘነ አይገጥምም። ዛሬ ሄደው እንዳያድሩ የታመሙትን እናቱን ሌሊት የሚጠብቅ ሰው የለም፤ ለነገ ብቻ ጎረቤት ተገኝቷል። እኔ ፒካፕ አለኝ። እስከ ምሳ ድረስ ስልኩን አነሣሁ፣ አስቀመጥኩ። በመጨረሻ ለልጄ ደወልኩና ላድርሳችሁ አልኳት። ልጠይቀው አለች።

ሥራ ስትወጣ በሱቁ በኩል መጣች። ከገባች ጀምሮ ወደ እኔ ሳይሆን ወደ ትራሶቹ ነው የምታየው።

«እሺ ብሏል። ግን መንገድ ላይ ስለ ቦክስ አይወራም።»

«ስለ ምን ልናወራ ነው ታዲያ? አራት ሰዓት መንገድ እኮ ነው።»

«ስለ ፍራሽ» አለች። ልትስቅ ምንም አልቀራት፤ ግን አልሳቀችም። «አዳራሽ ትገባለህ?»

«እሱ ካልፈለገ ውጭ እቆያለሁ።»

«ይገባሉ ወይ ብሎ የጠየቀው እሱ ነው።»

ምን ማለቱ እንደሆነ አልገባኝም። እሷም አላብራራችልኝም።

ነዳጅ ሞልቻለሁ። የኋላውን ዕቃ አውርጃለሁ። ጎማ አስነፍቻለሁ።

ነገ፦ ከሌሊቱ ዘጠኝ ተኩል መነሣት። መጀመሪያ ልጄን፣ ቀጥሎ እሱን። ቤቱ ከውኃ ታንከሩ አልፎ ሁለተኛው ቅያስ ነው፣ አረንጓዴ በር። ክላክስ አለማድረግ፤ እናቱ ተኝተው ይሆናል። ወርጄ አንኳኳለሁ።